ሰባት ቁጥር የጸዳበት ጠዋት

ፊልም ውስጥ አልጋ አንጣፊ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ወይ ሌባ ናት፤ ወይ ደግሞ ሀብታሙ እንግዳ ይወዳትና በመጨረሻ መኪናው ውስጥ አስገብቷት ይሄዳል። ስትወለውል ታንጎራጉራለች። ሽርጧ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ሽንት ቤት ተንበርክካ ስትፈትግ አላየኋትም። በረኪና ጣቶቿን የሰነጠቀባት፣ የቆሼ ከተማ በርበሬ ነጋዴ ያደረበትን አንሶላ እያራገፈች ስታስነጥስ የምትውል አንዲት እንኳ አላጋጠመችኝም። ጓደኞቼ "አንቺ ደግሞ፣ ፊልም እኮ ነው" ይሉኛል። ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ እኔም ገብቼበታለሁ።

አሁን የምሠራው ወልቂጤ ነው፤ የአንድ ሆቴል የጽዳት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ያኔ ግን ቡታጅራ ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ አስተማሪ ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስፈልግ ያገኘሁት ዋናው መንገድ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ ባልዲና መወልወያ ሆነ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አፌ ስለታም፣ ትዕግሥቴ አጭር። ባልዲውን ባነሳሁ ቁጥር "ይሄ የእኔ ቦታ አይደለም" እላለሁ፤ ለራሴ ብቻ ሳይሆን ለሚሰማኝ ሁሉ። ሥራ አስኪያጁም ሰልችቶት ይሁን አዝኖልኝ እንጃ፣ አንድ ቀን ጠርቶኝ "የሪሴፕሽኗ ልጅ ልታገባ ነው። በሚቀጥለው ወር ስትወጣ ወንበሩ ያንቺ ነው። እስከዚያ ግን አንድም ጥፋት እንዳልሰማ" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሪሴፕሽኑ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ወንበሩን በዓይኔ እለካው ነበር።

አብረውኝ ሁለተኛውን ፎቅ የሚያጸዱት ሴት የእናቴ እኩያ ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። መኖሪያቸው መስቃን ገጠር ነው፤ በየጠዋቱ ጎህ ሲቀድ በጋሪ ይመጡና ከሁላችን ቀድመው ሥራ ይጀምራሉ። ባላቸው ሞተዋል። የመጨረሻዋ ሴት ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ቡታጅራ ቤት ተከራይተውላት የሚያስተምሯት በዚህ ሥራ ነው። እሷ ፈተናዋን ሳትፈተን ሥራው ቢቀርባቸው ልጅቷ ወደ ገጠር ተመልሳ ትዳር ትያዝ ማለታቸው የማይቀር ዘመዶች እንዳሉ ደጋግመው ነግረውኛል። እሳቸው ራሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። "እኔ የቀረሁበት ላይ እሷ አትቀርም፣ ኢንሻአላህ" ይላሉ፤ ይህንን ሲሉ ድምፃቸው ይጠነክራል።

ክፍል ሲገቡ አንድ ልማድ ነበራቸው። ወዲያው ምንም አይነኩም። በሩ ላይ ይቆሙና ቢስሚላህ ብለው ዓይናቸውን ቀስ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራሉ። እኔ እየሳቅሁ "እትዬ፣ ክፍሉን ሊገዙት ነው እንዴ?" እላቸዋለሁ። "ሳቂ" ይሉኛል፤ "እንግዳ እቃዬ ጠፋ ያለ ቀን የት እንደነበረ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ካላየሽ ምን ልትይ ነው?"

ደግሞ በፎቃችን አንድ ምልክት ነበረን። እንግዳው ለቅቆ የሄደ እንደሆነ፣ መጀመሪያ የሰማችው የትራስ ልብስ በበሩ እጀታ ላይ ታስራለች። ያንን ያየች ሌላዋ ማንንም ሳትጠይቅ ትገባለች፤ አንሶላ ትገፍፋለች፣ ቆሻሻ ታወጣለች፣ ትወለውላለች። ድሮ ሪሴፕሽኗ በወረቀት ጽፋ በሩ ላይ ትለጥፍ ነበር አሉ። እትዬ ወረቀት ስለማያነቡ የትራስ ልብሱ ለእሳቸው ሲባል ተጀመረ፤ ሲውል ሲያድር የሁላችንም ሆነ። ወረቀት ቢለጠፍ ባይለጠፍ ማናችንም ማየት ትተናል። እኔ ሳስር ሁለቴ እቋጥረዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ወድቆብኝ ክፍሉ ሳይጸዳ እንግዳ ገብቶበት ተሰድቤያለሁ።

ፊልም ሠሪዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት በበጋ ነው። ሁለተኛውን ፎቅ እንዳለ ያዙት። ታሪኩን የነገረኝ ቁመቱ አጠር ያለው፣ ኮፍያውን ከራሱ የማያወርደው ዳይሬክተር ነው። አንዲት ምስኪን አልጋ አንጣፊ የእንግዳ የወርቅ ሀብል ሰርቀሻል ትባላለች። እንግዳው ሀብሉ ሲጠፋበት ክፍሉን ይገለባብጣል፤ በመጨረሻ ንጹሕ መሆኗ ይታወቃል፤ እንግዳው ይወዳታል። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን "አሪፍ ነው" አልኩት፤ የሪሴፕሽን ወንበር የምትጠብቅ ሰው እንግዳ አታስቀይምም።

አልጋ አንጣፊዋን የምትሠራው ተዋናይ ክፉ ልጅ አልነበረችም። በሁለተኛው ቀን መጥታ "እህቴ፣ እባክሽ አሠራሩን አሳዪኝ፤ ሲያዩኝ እንዳይስቁብኝ" አለችኝ። አንሶላ እንዴት እንደሚወጠር፣ ጠርዙ እንዴት ፍራሽ ሥር እንደሚገባ አሳየኋት። ጣቶቿ ለስላሳ ናቸው፤ ጥፍሯ ረጅም ነው፤ አንሶላው ይይዛታል። ዳይሬክተሩ ቆሞ አየንና "የሷ እጅ አይሆንም። ያንቺን እንቀርጻለን" አለኝ። የእኔ እጅ! እናቴ እንኳ "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የሻከረው" የምትለውን እጅ ፊልም ሊያነሱት ነው። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ እንግዳው ሀብሉን ፍለጋ ክፍሉን ሲገለባብጥ ቀረጹ። ልብስ ተበተነ፣ ብርጭቆ ተንከባለለ፣ ትራስ መሬት ተወረወረ። ግማሹን ቀርጸው ሳይጨርሱ የመስኮቱ ብርሃን ዞረባቸው። የቀረውን፣ አልጋ አንጣፊዋ ገብታ የተዘበራረቀውን ክፍል የምታይበትን፣ ለነገ ጠዋት አሳደሩት። ሁሉም እየወጡ ሳለ ተዋናይዋ ኮሪደሩ ላይ "ሌላስ? እናንተ ብቻ የምታውቁት ነገር የለም?" አለችኝ። እኔም እንደ አስተማሪ አደረገኝ። ከጽዳት ጋሪዬ ላይ የትራስ ልብስ አነሳሁና ፊት ለፊታችን ያለው በር ሰባት ቁጥር ስለነበር እጀታው ላይ አሰርኩላት። ሁለቴ ቋጠርኩት። "ይሄን ያየች ገብታ ታጸዳዋለች፤ ማንንም አትጠይቅም" አልኳት። ተገርማ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።

ይህንኑ እያወራን ዳይሬክተሩ ከደረጃው ሥር "እጅሽን አምጪ፣ በብርሃን ልየው!" ብሎ ጠራኝ። ወረድኩ። መዳፌን ገልብጦ አየው፣ ካሜራ የሚይዘው ሰውም አየው፤ ሁለቱ "ይሄማ ታሪክ ያለው እጅ ነው" ተባባሉ። እኔ በዚያ ንግግር እየተንሳፈፍኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከእኔ በኋላ ረዳታቸው መጥቶ በሩ ላይ "ለቀረጻ የተዘጋጀ፣ አይነካ" የሚል ወረቀት ለጠፈ፤ ከወረቀቱ ሥር የታሰረው ጨርቅ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? ጨርቅ ነው።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ስገባ ጓሮው ገመድ ላይ አንሶላ ተሰጥቷል። እትዬ ማለዳ ገብተው ሥራ መጀመራቸው ነው ብዬ ደረጃውን ወጣሁ። ሰባት ቁጥር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ የበረኪና ሽታ አለ። አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው ተወጥሮ ከበሮ መስሏል። ወለሉ ገና አልደረቀም። ብርጭቆው ታጥቦ ተደፍቷል። እጀታውን አየሁት፤ ምንም የለበትም፤ የትራስ ልብሱንም ከሌላው ጋር አጥበውታል።

ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ። ረዳቱ መጀመሪያ አየና ራሱን ያዘ። ዳይሬክተሩ መጣ፤ ኮፍያውን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቀ። "የትናንቱ ሁሉ ገደል ገባ! የዛሬውስ? ከሰዓት ጢያ ትክል ድንጋዩ ጋ መገኘት አለብን፣ እዚያ ሰው ይጠብቀናል!" ይላል። እቃው እንዴት እንደነበረ ፎቶ ማንሳት የነበረባት ልጅ ያነሳችው አልጋውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ካሜራው ያለውም የእንግዳውን ፊት እንጂ ክፍሉን በሙሉ አያሳይም። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ወጣና የፎቁን ሠራተኞች በሙሉ ኮሪደሩ ላይ አሰለፈን። አራት ሴቶች ነን። እትዬ ከእኔ ቀጥለው ቆሙ፤ እጃቸው ገና እርጥብ ነው።

"ማነው የገባው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ።

"ወረቀቱን አታነቢም?"

አንቺ አላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው እሳቸውን አንቺ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"አላነብም" አሉ። "ምልክቱ ነበር። የትራስ ልብስ በሩ ላይ ታስሮ ነበር።"

"ማን አሰረው?"

ከጎኔ ያለችው ልጅ በክርኗ ነካ አድርጋኝ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ "ዝም አይነቅዝም" አለች፤ ምን እንደማውቅ ሳታውቅ፣ እንዲሁ ሁላችንንም ለመጠበቅ። እኔ ወለሉን አየሁ። የሪሴፕሽኑ ወንበር ከወለሉ ላይ ታየኝ። ሁለት ቃል ነው የሚበቃኝ፤ እኔ ነኝ። አፌ ስለታም ነው የምለው እኔ፣ ሁለት ቃል አልወጣኝም።

"ያላየሁትን አልናገርም" አሉ እትዬ።

"የለማ! ማንም አላሰረም! ፊደል የማይለይ ሰው እዚህ ፎቅ ላይ ምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም" አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ለዳይሬክተሩ ይቅርታ ይለምን ጀመር። ማንም አልተናገረም። እኔም።

እትዬ ግን ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። "ልጄ፣ እንደነበረ እንዲሆን ነው የምትፈልገው?"

"ማዘር፣ እንዴት አድርጎ!"

"ቆሻሻውን ገና አልጣልኩትም። ልብሱንም አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያኖርኩት። ላስቀምጥልህ።"

ገቡ። እኛ በሩ ላይ ተደራርበን አየናቸው። መጀመሪያ ቆሙ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጀመሩ። አንዱ ጫማ አልጋው ሥር፣ ሶሉ ወደ ላይ። ሌላው ቁም ሣጥኑ ጥግ። ሸሚዙ አንድ እጁ ተገልብጦ ወንበሩ ላይ፣ ሌላው እጁ መሬት የሚነካ። የብርቱካን ልጣጭ ሦስት ቦታ፤ ከቆሻሻው ፌስታል አውጥተው ትልቁን ለይተው መስኮቱ ሥር አኖሩት። ብርጭቆውን አንከባለሉትና "እዚህ ጋ ውሃ ነበር" ብለው በጣታቸው ውሃ አንጠባጠቡ። ትራሱን መሬት ጣሉት፣ አዩት፣ አልተዋጠላቸውም፣ አንስተው ደግመው ጣሉት። ዳይሬክተሩ የትናንቱን በካሜራው ከፍቶ፣ ከእንግዳው ፊት ኋላ የሚታየውን ጥግ ከክፍሉ ጋር አስተያየ። ደግሞ አስተያየ። "ልክ ነው" አለ ድምፁ ቀጥኖ፤ "ልጣጩ ሳይቀር ልክ ነው።" አጨበጨቡ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ አጨበጨበላቸው።

እኔም አጨበጨብኩ። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። በቃ ተስተካከለ፣ ማንም አልተጎዳም ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ጭብጨባው ሲበርድ እትዬን ወደ ዳር ጠርቶ "የጀመርሽውን ጨርሺና ጋዋኑን አስረክቢ። ነገ እንዳትመጪ" አላቸው። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ጆሮዬን ጥዬ ነበርና ሰማሁ።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተከትያቸው ገባሁ። የታጠበ ፎጣ እያጠፉ ነው።

"እትዬ..." አልኩ።

"ቋጠሮሽን አውቀዋለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሁለቴ የምታስሪ አንቺ ብቻ ነሽ። ለመፍታት ጥርሴን ነው የተጠቀምኩት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ስታስሪው አላየሁሽማ። ያላየሁትን ብመሰክር አላህ ይጠይቀኛል። ያየሽው አንቺ ነሽ።"

ፎጣውን አጥፈው በሌላው ላይ ጫኑት። "ወንበሩ እንዲሆንልሽ ዱዓ ሳደርግ ነበር፣ ወላሂ" አሉ። "ልጅቷን ምን እንደምላት ብቻ ነው የቸገረኝ። ፈተናው ሊደርስ ነው።" አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር፤ ቁጣ እችልበታለሁ። ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ።

የሰባት ቁጥሩን ቀርጸው ሲጨርሱ እጄን ቀረጹት። አንሶላ ወጠርኩ፣ ጠርዙን አስገባሁ። "ቆንጆ፣ ቆንጆ" ይሉኛል፤ እኔ እጄን ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ሁላችንንም ወደ ምድር ቤት አወረዱን። የቀረው የሀብሉ ክስ የሚነሣበት ነው፤ ሥራ አስኪያጅ የሆነው ተዋናይ አልጋ አንጣፊዋን በባልደረቦቿ ፊት የሚያዋርድበት። ባልደረቦቿን የምንሆነው እኛው ነን። ሪሴፕሽኑ ፊት ለፊት አሰለፉን። እትዬ "እኔ ፎቶ አልነሳም" ብለው ቀሩ፤ በጓሮው በር በኩል ጋዋናቸውን አጥፈው በክንዳቸው ይዘው፣ ልብሱን የሚረከባቸውን የእኛን ሥራ አስኪያጅ እየጠበቁ ቆመዋል። እሱ ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ቀረጻውን ያያል።

ዳይሬክተሩ ፊታችን ቆሞ እጁን አፋተገ። "ሲስተርስ፣ እዚህ ምንም ትወና አያስፈልግም። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የቆማችሁትን አይቻለሁ። እሱን ነው የምፈልገው። ልክ እንደ ጠዋቱ ቁሙልኝ።"

እንደ ጠዋቱ ቆምኩ፤ ከጎኔ የእትዬ ቦታ ባዶ ነበር።

አንደኛውን ቀረጹ። የፊልሙ ሥራ አስኪያጅ "ማነው የወሰደው?" ብሎ ያንባርቃል፤ ተዋናይዋ ታለቅሳለች፤ እኛ ወለሉን እናያለን። "ካት! አሪፍ፣ አንድ ጊዜ እንድገም።" ሁለተኛውን ቀረጹ። ካሜራው በፊታችን ላይ ቀስ እያለ ሲያልፍ እኔ ላይ ቆየ፤ ሌንሱ ሲጠጋኝ አየሁ። ምራቄን ዋጥኩ። "ካት! ይሄ ነው! ይሄ ፊት ነው!" አለ ዳይሬክተሩ ወደ እኔ እያመለከተ። "ለጥንቃቄ አንድ የመጨረሻ።"

ሦስተኛው ሲጀመር ዓይኔን ከወለሉ አነሳሁ። በተዋናዩ ትከሻ በኩል እትዬ ታዩኝ። እኔን አያዩም ነበር፤ በክንዳቸው የያዙትን ጋዋን አዝራር እየቆለፉ ነበር፤ የሚያስረክቡት ልብስ አዝራሩ ክፍት እንዳይሆን። "ማነው?" አለ ተዋናዩ። "ማነው? ተናገሩ እንጂ!"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ተዋናዩ ግራ ገባው፤ ፊልሙ መስሎት "ምን አልሽ?" አለ በዚያው ድምፁ።

"የትራስ ልብሱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ቁጥር ላይ። ትናንት ለእሷ ላሳይ ብዬ አስሬ ረስቼው ሄድኩ። እትዬ ምንም አላጠፉም። ጠዋትም አውቅ ነበር።" ይህን የምለው ለተዋናዩ አልነበረም፤ ከካሜራው ጀርባ ላለው ነው። ድምፄ ጮኸ፤ ለማሳነስ ብሞክር አልታዘዘኝም። "ካት፣ ካት" ይላል ዳይሬክተሩ። ተዋናይዋ እንባዋን ጠርጋ "እውነቷን ነው፣ አሳዪኝ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ፎቶውም አለኝ" አለች። ስልኳን ልትከፍት ስትል ሥራ አስኪያጁ እጁን አወዛወዘ፤ ማየት አልፈለገም።

ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። "ጠዋት ስጠይቅ የት ነበርሽ?" አለኝ።

"እዚያው ቆሜ ነበር።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ተናግረሽ ቢሆን ወንበሩም ይኖርሽ ነበር እኮ" አለኝ። "ምልክት አስረሽ በመርሳትሽ ማን ይፈርድብሻል? ዝምታሽ ነው። ሪሴፕሽን ላይ ዝም የሚል ሰው አላስቀምጥም።" እትዬ ጋዋናቸውን መልሰው ለበሱ። እኔ በዚያው ሳምንት ወጣሁና በጉራጌ ምድር ሌላ ሥራ ፍለጋ ወልቂጤ ደረስኩ። እዚያም መጀመሪያ የሰጡኝ ባልዲ ነው።

ፊልሙን ያየሁት ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። እሁድ ከሰዓት፣ የሠራተኞች መመገቢያ ውስጥ፣ አሁን የማዛቸው ልጆች ቴሌቪዥን ከፍተው ምሳ እየበላን ነው። መጀመሪያ እጄ መጣ። አወቅሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ የሪሴፕሽኑ ፊት ሰልፍ መጣ። ካሜራው ቀስ እያለ መጣና እኔ ላይ ቆመ። ወለሉን አያለሁ። ምራቄን እውጣለሁ። ተዋናዩ "ማነው?" ይላል፤ ከዚያ ጥያቄ በኋላ ፊልሙ ወደ ሌላ ክፍል ይሻገራል። ሁለተኛውን ነው የተጠቀሙት። ሦስተኛው የለም።

ከልጆቹ አንዷ ማንኪያዋን ጣል አድርጋ "ይቺ ግን ምን ዓይነት ሰው ናት?" አለች። "እያወቀች ነው እኮ፤ ፊቷ ላይ ይታያል።" ሌላዋ ወደ ቴሌቪዥኑ አፍጥጣ ወደ እኔ ዞረች፣ እንደገና ወደ ቴሌቪዥኑ። ሳህኔን ይዤ ተነሳሁ።

ጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ለእትዬ ደወልኩ። ሰላምታው ረዘመ፤ ጤናቸው አልሐምዱሊላህ ነው፤ አሁንም እዚያው ይሠራሉ፤ ልጅቷ ፈተናዋን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ለእረፍት ቤት ነው ያለችው።

"ፊልሙን አይተውታል?" አልኳቸው።

"ልጅቷ በስልኳ አሳየችኝ" አሉ። "ይቺ ናት ወይ ያቺ አብራሽ ትሠራ የነበረችው አለችኝ። አዎ አልኳት። ዝም ብላ ልታስባርርሽ ነበር ማለት ነዋ አለችኝ። ኧረ አይደለም፣ ቆይ ትናገራለች፣ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ አልኳት።"

"ከዚያስ?"

"ጠበቅን። አልተናገርሽም። መልሳ ከፈተችው፤ አልተናገርሽም። ሦስት ጊዜ አየነው ልጄ። እኔ ተናግራለች ብላትም አላመነችኝም። እናቴ፣ አንቺ ሁሌ ለሰው ትደረቢያለሽ አለችኝ።"

ቆርጠውት ነው፣ ሌላ ተቀርጿል፣ እውነቱን ነው የነገሩሽ በሏት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጅቷ ያየችው ውሸት አልነበረም። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ፣ ከእናቷ ጎን፣ ልክ እንደዚያ ነበር የቆምኩት።

"እውነቷን ነው በሏት" አልኳቸው።